ምጽዋት፣ ዕዳ ወይስ አደራ?

ለአየር ንብረትና ለሥነ ዜጋ ትምህርት ስለሚሰጥ ገንዘብ



ገንዘብ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ደግነቱም ሆነ ክፋቱ የሚታወቀው ከየት መጣ፣ በማን እጅ አለፈ፣ ለምንስ ዋለ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። ትምህርት ቤቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ዜግነት ግዴታ እንዲያስተምሩ ከውጭም ከውስጥም ገንዘብ የሚገኝባቸው በሮች አሉ። ከመካከላችን አያሌዎቹ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ወይም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ክበብ አባላት፣ አንዳንዶቹም ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ስለሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ምን ብሎ ይቀበለው? ምጽዋት ነውን? የሚገባን ዕዳ ነውን? ወይስ ሌላ ስም አለው?

ይህ የስም ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ሰው ለተቀበለው ነገር የሚሰጠው ስም አያያዙን ይወስነዋል። ምጽዋት ነው ያለ የሰጪውን ፊት እያየ ይኖራል። ዕዳዬን ተቀበልሁ ያለ ደግሞ ለማንም መልስ መስጠት አይገባኝም ይላል። ስለዚህ ትክክለኛውን ስም ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

ሀ. በሮቹ የትኞቹ ናቸው?

በማያውቁት ነገር መፍረድ አይገባምና አስቀድመን በሮቹን እንወቅ።

እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ስምምነት በ6ኛው አንቀጹ አገሮች ሕዝባቸውን በዚህ ጉዳይ እንዲያስተምሩና እንዲያሠለጥኑ ይጠይቃል። በ2015 የተደረገው የፓሪስ ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ ይህንኑ አጽንቶታል። በአገራችንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። ስለሆነም የአየር ንብረት ትምህርትና የዜግነት ትምህርት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ቢመስሉም በአንድ ግዴታ ላይ ይገናኛሉ።

ከገንዘቡ በሮች ትልቁ አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ የሚባለው ነው። እንዲቋቋም የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ካንኩን በተደረገው ጉባኤ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ በደቡብ ኮሪያ ይገኛል። ይህን በር አንድ ትምህርት ቤት ራሱ ሄዶ ሊያንኳኳው አይችልም። ፈንዱ የሚያስተናግደው አስቀድሞ መርምሮ የተቀበላቸውን ተቋማት ነው፤ ከእነርሱም አንዱ የእኛው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ይህ በር ለትምህርት ዝግ አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በ2023 ፈንዱ ከግሎባል ፓርትነርሺፕ ፎር ኤዱኬሽንና ከሴቭ ዘ ችልድረን ጋር ሆኖ ለካምቦዲያ፣ ለጎረቤታችን ለደቡብ ሱዳንና ለቶንጋ ትምህርት ቤቶች የሚውል የ70 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ ሆኗል።

ሁለተኛው በር ዝቅ ያለ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የአነስተኛ እርዳታ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለአካባቢ ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጠው ለመንግሥታት ሳይሆን ለአካባቢ ማኅበራትና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች ነው። የአንዱ እርዳታ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ከአካባቢው ማኅበር ጋር ከተባበረ ይህ በር ከፊተኛው ይልቅ ይቀርበዋል።

ሦስተኛው በር በደጃችን ያለው ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው ቁጥር ልክ ድጎማ ማግኘት ጀመሩ፤ ብዙዎች ስኩል ግራንት የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚህም በላይ የወላጆች መዋጮና የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ አለ።

ለሥነ ዜጋ ትምህርት የሚመጣው ገንዘብ ግን የተለየ ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና በዲሞክራሲያዊ መብቶች ሥራ እንዳይሰማራ ከልክሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ለችግኝ የሚሆን ገንዘብ ከባሕር ማዶ ሊመጣ ይችል ነበር፤ ስለ መብት ለማስተማር የሚሆነው ግን በሩ ጠብቦበት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ክልከላ አነሣ፤ የድርጅቱ የአስተዳደር ወጪም ከመቶ 20 እንዳይበልጥ አዘዘ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የገንዘብ ምንጭ በትምህርት ላይ ኃይል አለው ብሎ የሰጋ ሕግ ራሱ በአገራችን ነበረ ማለት ነው። ክልከላው ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ግን ባዶ ጥያቄ አልነበረም።

ለ. ምጽዋት ነው ለሚሉ

አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፦ «ሰጪው አልተገደደም፤ ወድዶ ሰጠ። እኛም አመስግነን እንቀበል፤ የሰጠንንም አንመርምር።» ይህ አባባል ትሕትና ያለበት ይመስላል። ማመስገንም መልካም ነው። ሆኖም ሁለት ጉድለት ይታይበታል።

አንደኛው፣ ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ነውና ፈቃዱ ሲለወጥ ይቆማል። ለዚህ የቅርብ ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የነበረው የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በአገራችን ለጤናም ለትምህርትም ብዙ ሲሰጥ ኖሯል። በጥር 2025 የውጭ እርዳታ እንዲታገድ ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ድርጅቱ የእርዳታ ሥራውን አቆመ። ውሳኔው የተወሰነው በዋሽንግተን ነው፤ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም አልተጠየቁም። ትምህርታችን ሁሉ በእንዲህ ያለ ምሰሶ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምሰሶው ሲነሣ ትምህርቱም ይወድቅ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከፋል። ምጽዋት ተቀባይ ሰጪውን ደስ የሚያሰኘውን ማድረግ ይለምዳል። ሰጪው ሩቅ ነውና የሚያየው ፎቶግራፍና ሪፖርት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ፎቶግራፍ ወደሚነሣ ነገር ያዘነብላል፤ ወደ ባነር፣ ወደ ቲሸርትና ኮፍያ፣ ወደ መክፈቻ ሥነ ሥርዓት፣ ወደ ሥልጠና አበል። ችግኝ ሲተከል ሁሉም ሊታይ ይወዳል፤ በጥርና በየካቲት ውኃ ሲቀዳለት ግን ካሜራ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጾ ዓለም ሁሉ ተነጋግሮበታል። የተተከለውን መቁጠር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የጸደቀውን መቁጠር ግን ዓመታት ይጠይቃል። ሕይወት ያለው ደግሞ በሁለተኛው ቁጥር ውስጥ ነው።

በትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት የተማርነው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት 11 እሴቶች ነበሩት። ከእነርሱም መካከል ኃላፊነት፣ በራስ መተማመን፣ ታታሪነትና ቁጠባ ይገኙባቸዋል። ዛሬ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በታችኞቹ ክፍሎች፣ የዜግነት ትምህርት ከፍ ባሉት ክፍሎች ይሰጣል፤ የስሙ መለወጥ ግን ቁም ነገሩን አልለወጠውም። በራስ መተማመንን በተለመነ ገንዘብ ማስተማር ይቻላልን? አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለዚህ አይደለምን? እኔ እንደሚመስለኝ በራስ መተማመን ማለት ከማንም አለመቀበል አይደለም። የሚመጣው ሲቀር ሥራው አለመቅረቱ ነው። ተቀብሎም በራሱ የሚተማመን አለ፤ ሳይቀበልም የሰው እጅ የሚያይ አለ።

ሐ. ዕዳ ነው ለሚሉ

ሌሎች ደግሞ ይህን ሰምተው እንዲህ ይመልሳሉ፦ «ለምን እናፍራለን? ዓለምን ያሞቁት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው። የሚሰጡን ዕዳቸውን ነው።»

ይህ አባባል ትልቅ እውነት አለበት። ዓለም በየዓመቱ ከሚለቀው የካርቦን ጋዝ የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ 4 አካባቢ ነው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገን ጉባኤ፣ አቶ መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ተደራዳሪ መሪ ሆነው በቆሙበት ጊዜ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ገቡ። በራሳቸው ድርጅት ቆጠራ እንኳ ቃላቸው የተፈጸመው ሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ነው፤ ከመንግሥታቱም ከመጣው አብዛኛው ብድር ነበር። ለተበደለ ሰው ካሣውን በብድር መስጠት ምን ዓይነት ፍትሕ እንደሆነ እያንዳንዳችን እንፍረድ። በ2024 በባኩ ደግሞ እስከ 2035 ድረስ በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ አዲስ ቃል ተገብቷል።

እንግዲህ ዕዳ አለ። ይህም በክፍል ውስጥ ሊነገር ይገባል። የገበሬ ልጅ «እናትህ የምትለቅመው ማገዶ ዓለምን አጠፋ» የሚል ትምህርት ብቻ ተምሮ ስለ ድንጋይ ከሰልና ስለ ነዳጅ ዘይት ሳይሰማ ቢቀር ግማሽ እውነት ተማረ፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በድኻ ላይ ሲጫን በደል ይሆናል። ገንዘብ ሰጪው ይህ እንዳይነገር የሚፈልግ ቢሆን ያ ገንዘብ ባይመጣ ይሻላል።

ነገር ግን ዕዳ የሚለው ስምም ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያ፣ የጎረቤታችን ዕዳ የእኛን ግዴታ አይሰርዝም። አፈሩ ተጠርጎ የተራቆተው ኮረብታ ሁሉ በሩቅ ፋብሪካ የተራቆተ አይደለም፤ የእኛም መጥረቢያ፣ የእኛም ልቅ ግጦሽ አለበት። የሌላውን ጥፋት ብቻ የተማረ ተማሪም እንዲሁ ግማሽ እውነት ነው የተማረው።

ሁለተኛው ነጥብ የጉዳዩ ቁልፍ ይመስለኛል። ዕዳው የሚከፈለው ለማን ነው? ለርእሰ መምህሩ ነውን? ለኮሚቴው ነውን? ለክበቡ ሊቀ መንበር ነውን? አይደለም። ዕዳው የሚገባው ዝናቡ ጊዜውን ስቶ እርሻው ለደረቀበት፣ ጎርፍ ቤቱን ለወሰደበት፣ ገና ላልተወለደውም ልጅ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው እጅና የገንዘቡ ባለቤት የተለያዩ ናቸው። የሌላውን ንብረት ተቀብሎ የሚይዝ ሰው ደግሞ በቋንቋችን ስም አለው፤ ባለ አደራ ይባላል።

መ. አደራ ነው

አደራ ከምጽዋትም ከዕዳም የሚለይበት ሦስት ሰው ስላለበት ነው፤ የሰጠ፣ የያዘ፣ የሚገባው። ምጽዋት ተቀባይ ወደ ሰጪው ብቻ ያያል፤ ዕዳ ተቀባይ ወደ ራሱ ብቻ ያያል፤ ባለ አደራ ግን ወደ ሦስተኛው ሰው ያያል። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚባለውም አደራ በላ ከሌባ የከፋ ተደርጎ ስለሚቆጠር ነው፤ ሌባ የማያምነውን ሲወስድ አደራ በላ ያመነውን ይወስዳልና።

አደራ ደግሞ በመስረቅ ብቻ አይበላም። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ምንም አልሰረቀም፤ ሆኖም ተወቀሰ። ለትምህርት የተሰጠ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ በጥድፊያ ለማያስፈልግ ዕቃ ቢወጣ ይህም አደራን መብላት ነው።

አደራ እንዴት እንደሚያዝ ከጎረቤታችን ከኬንያ ምሳሌ እንውሰድ። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ጀመረች። ንቅናቄው ከኖርዌይና ከተባበሩት መንግሥታት እርዳታ አግኝቷል። ለገጠር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው የነበረው ግን ስለ ተከሉት ሳይሆን ስለ ጸደቀው ችግኝ ነበር። በዚህች ትንሽ ደንብ ገንዘቡ ከፎቶግራፍ ወደ እንክብካቤ ዞረ። ከዚህም በላይ ንቅናቄው ሴቶቹን ስለ ዛፍ ብቻ አላስተማረም፤ ስለ ዜግነት መብትና ግዴታም ያስተምር ነበር፤ ዛፉን ማን እንደቆረጠውና የሕዝብን መሬት ማን እንደወሰደው ሳይጠይቁ ዛፍ መትከል ከንቱ መሆኑን ተረድቷልና። በ1989 በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ረጅም ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ዋንጋሪ ተቃወመች፤ ንቅናቄውም ከመንግሥት ሕንፃ ከነበረው ቢሮው ተባረረ። ሕንፃው ግን አልተሠራም። ዋንጋሪም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። የውጭ ገንዘብ አፏን አልዘጋውም፤ ሥራዋ ከገንዘቡ የሚበልጥ ነበርና።

ሌላው ምሳሌ ከቤታችን ነው። በጎንደርና በጎጃም በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያሉት ደኖች ያለ ፕሮጀክትና ያለ ባነር ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቀው ኖረዋል። ነገር ግን ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚረግጠው ደኖቹ ከዳር እየሳሱ መጡ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ለአንዳንዶቹ አድባራት የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ከውጭ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሕዝቡም ከእርሻው ድንጋዩን እየለቀመ ካበ። እዚህ ላይ ገንዘቡ ፍቅሩን አልገዛውም፤ ፍቅሩ አስቀድሞ ነበረ። ገንዘቡ እጅ ያጠረውን ሞላ እንጂ እጅን አልተካም። አደራ በሚገባ ሲያዝ ይህን ይመስላል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን በሐሳባችን እንሳል። አንድ ትምህርት ቤት ስለ አየር ንብረትና ስለ ዜግነት እንዲያስተምር ገንዘብ አገኘ እንበል። ለሁለት ቀን የታሰበው ሥልጠና በግማሽ ቀን አለቀ። ከዚያም የክበቡ ጸሐፊ የሆነች የ16 ዓመት ተማሪ ተጠርታ፣ አባላቱ በሁለቱም ቀን ተገኝተው ምሳ እንደበሉ አድርጋ በዝርዝሩ ላይ እንድታስፈርም ታዘዘች። ያዘዛት መምህሯ ነው፤ እምቢ ብትል ታላቅዋን እንደ ናቀች ይቆጠርባታል፤ ብትታዘዝ ውሸትን በእጅዋ ትጽፋለች። ይህች ልጅ በዚያ ቀን ምን ተማረች? በግድግዳው ላይ ስለ ተጠያቂነት የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ዝርዝር ግን ሌላ ትምህርት ያስተምራታል። ከሁለቱ የትኛውን ዕድሜዋን ሙሉ ትይዘዋለች? የጠፋው ገንዘብ ጥቂት መቶ ብር ሊሆን ይችላል። የጠፋችው ግን አንዲት ዜጋ ናት። ለሥነ ዜጋ የተሰጠ ገንዘብ ሲበላ ከሌላው ገንዘብ ይልቅ የሚከፋው ስለዚህ ነው፤ ሊያስተምር የመጣውን ነገር ራሱን ያፈርሰዋል።

ሠ. ታዲያ ምን እናድርግ?

ገንዘብ አንፈልግ ማለት መፍትሔ አይሆንም። መጽሐፍ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ የዝናብ መለኪያና የችግኝ ማፍያ ቦታ ያለ ገንዘብ አይገኙም፤ የሚገባንንም መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን በክበባችን ገንዘብ ለመጠየቅ ስንቀመጥ አራት ጥያቄዎችን አስቀድመን ብንጠይቅ ይጠቅመናል።

1ኛ፣ ገንዘቡ ባይመጣ ይህን ሥራ በትንሹም ቢሆን እንሠራው ነበርን? መልሱ አይደለም ከሆነ የምንፈልገው ሥራውን ሳይሆን ገንዘቡን ነው።

2ኛ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ፣ ክረምት ተማሪው ሲበተን ተረኛው ማን እንደሆነ፣ ከችግኙ በፊት በስም ይጻፍ።

3ኛ፣ ሰጪው እንዳይነገር የሚፈልገው እውነት አለን? ካለ አስቀድሞ በግልጽ እንነጋገርበት፤ ካልተስማማን እንተወው።

4ኛ፣ ሒሳቡን ማንኛውም ተማሪ ሊያነበው ይችላልን? የገባውና የወጣው በብርና በሳንቲም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ተማሪዎችም ይጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው የሥነ ዜጋ ትምህርት ይህ ይመስለኛል። የ7ኛ ክፍል ልጅ ቆሞ «የአካፋው ዋጋ ለምን በዛ?» ብሎ ሲጠይቅና ርእሰ መምህሩ ሳይቆጣ ደረሰኙን ሲያሳየው በዚያ ትምህርት ቤት ዜግነት ተጀመረ ማለት ነው።

ይህን ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2027 የሚደረገውን 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ኢትዮጵያ ተመርጣለች። ጊዜው ሲቀርብ ስለ ወጣቶችና ስለ ትምህርት ቤቶች የሚያወሩ ብዙዎች ይመጣሉ፤ ባነሩም ይበዛል። ያኔ በሩ ሲከፈት እንደ ለማኝ ጎንበስ ብለን ወይም እንደ አበዳሪ ተቆጥተን ብቻ ሳይሆን፣ የማን ንብረት እንደያዘ የሚያውቅ ባለ አደራ ሆነን እንድንገኝ ከአሁኑ መዘጋጀት አለብን። መዘጋጀቱም ከፍ ካለ ነገር አይጀምርም፤ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ካለችው ጥቂት መዋጮና እርስዋ ከተጻፈችበት ደብተር ይጀምራል። በትንሹ ያልታመነ በብዙው ሊታመን አይችልምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የተለየ አስተያየት ያላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን እኔም እማርበታለሁ።